ምዕራፍ ስድስት፦ ረሃብ ያልሆነው እብጠት

ላስታ ውስጥ ያበጠ ሕፃን ሲታይ ቀድሞ ወደ ሰው ሐሳብ የሚመጣው ረሃብ ነው። አይፈረድም። ወሎ የ1966ቱንም የ1977ቱንም ድርቅ በልጆቹ ገላ ላይ ያየ አገር ነው። በቡግናም፣ በጊዳንም፣ በመቄትም ዝናብ ባጠረ ዓመት እግሩ ያበጠ፣ ጠጉሩ የሳሳ፣ ቆዳው የተላላጠ ሕፃን ወደ ጤና ኬላ ይመጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሥራዋን ታውቀዋለች። የሁለቱንም እግሮች ጀርባ በአውራ ጣቷ ሦስት ሰከንድ ያህል ትጫናለች፤ ጣቷን ስታነሳ ጉድጓድ ከቀረ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ትልካለች። በዚህች ቀላል ዘዴ የተረፈው ሕፃን ብዙ ነው።

ጣት የተወው ጉድጓድ ግን ውሃ መቋጠሩን እንጂ ለምን እንደተቋጠረ አይናገርም። አንድ አግዳሚ ላይ ሁለት ያበጡ ልጆች ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው ድርቅ የጎዳው ቤት ልጅ ነው፤ ሕመሙ ኳሺዮርኮር ነው፤ ሲሲሊ ዊሊያምስ የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1935 ከዛሬዋ ጋና ሆነው በዚህ ስም ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁት። የሁለተኛው ቤት እህል አልጠፋም፤ የልጁ ኩላሊት ግን ከደሙ ፕሮቲን እያሾለከ በሽንት ያፈስሰዋል። ይህኛው ኔፍሮቲክ ሲንድረም ይባላል። የሁለቱም ደም ቢመረመር አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ዝቅ ብሎ ይገኛል። ሁለቱም ገርጥተዋል፤ ሁለቱም ይነጫነጫሉ። ለመጀመሪያው ኤፍ-75 የተባለው ወተት፣ ሲያገግምም ፕላምፒ ነት ይሰጠዋል፤ ይድንበታልም። ለሁለተኛው ይኸው ቢሰጠው እብጠቱ አይጎድልለትም። ሳምንት አልፎ ሳምንት ይተካል፤ እናትየዋም «ለሌሎቹ ልጆች አካፍለሽው ይሆናል» ተብላ ትጠረጠራለች።

እነዚህን ሁለት ልጆች የሚለያቸው ነገር ሽንታቸው ውስጥ አለ።

ከሽንቱ በፊት ዓይን የሚያየው ፍንጭም አይጠፋም። የኳሺዮርኮር እብጠት ከእግር ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። የኩላሊቱ ብዙ ጊዜ በዓይን ቆብ ይጀምራል። ልጁ ጠዋት ሲነሳ ዓይኑ ተደፍኖ፣ ጉንጩ ሞልቶ ይታያል፤ ከሰዓት በኋላ ፊቱ ይጎድልና እግሩ ያብጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ተመስገን፣ ወፈረልን» የሚል ቤተሰብ አለ። ሽንቱ አረፋ ይበዛዋል፤ አረፋውም ቶሎ አይከስምም። በሽተኛው በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ጎልማሳ ከሆነ ደግሞ ሌላ ማምታቻ ይመጣል፤ ከቀይ አፈር ጋር የተያያዘው ዝሆኔም እግር ያሳብጣል። ዝሆኔ ግን ዓይን ቆብ ላይ አይወጣም፤ ሲቆይም ቆዳውን አጠንክሮ በጣት መጎድጎዱን ያስቀራል።

አሁን ወደ ኩላሊቱ እንግባ። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ጤነኛ ጎልማሳ ላይ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ በእነዚህ ማጣሪያዎች ያልፋል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን አንድ ሊትር ተኩል ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው፤ ሌላውን ከማጣሪያው ቀጥለው ያሉት ቱቦዎች መልሰው ወደ ደም ያስገቡታል። አልቡሚን ከመነሻው በማጣሪያው አያልፍም ማለት ይቻላል። ማጣሪያውን በውጭ በኩል በተጠላለፉ እግሮቻቸው አቅፈው የያዙ ፖዶሳይት የሚባሉ ሴሎች አሉ፤ እነዚያ እግሮች ሲሟሽሹ አልቡሚኑ ይሾልካል። ጎልማሳ ላይ በቀን ከ3.5 ግራም በላይ ፕሮቲን መፍሰስ ከጀመረ ነገሩ ኔፍሮቲክ ደረጃ ደረሰ ይባላል።

ጉበትም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። አልቡሚን ሲጎድል ምርቱን ያፋጥናል፤ አብሮም ስብ ተሸካሚ ፕሮቲኖችን በብዛት ወደ ደም ይለቅቃል። በሌላ በኩል ስብን ከደም የሚያነሳው አሠራር ይዳከማል። በዚህ ምክንያት ኮሌስትሮሉ ሽቅብ ይወጣል። ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ የሚቀምስ፣ ጾሙን ሳያጓድል የሚጾም የላስታ ገበሬ ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ሲገኝ ሐኪሙ «ቅባት ቀንስ» ብሎ ባያሰናብተው ደግ ነው፤ ሽንቱን ቢያይለት ይሻላል። ኳሺዮርኮር የያዘው ልጅ ኮሌስትሮል ግን ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ነው። ሁለቱ ልጆች እዚህ ላይ መንገዳቸው ተለያየ ማለት ነው።

ስቡ ከፕሮቲኑ ጋር ተያይዞ በተጎዳው ማጣሪያ ያልፋል። የቱቦው ግድግዳ ሴሎች ያገኙትን ሁሉ መልሶ መሰብሰብ ልማዳቸው ነውና ስቡንም ይውጡታል። ከአቅማቸው በላይ ሲሆንባቸው ሆዳቸው በስብ ጠብታ እንደተሞላ ከግድግዳው ተላቅቀው ከሽንቱ ጋር ይወርዳሉ። የላቦራቶሪ መጻሕፍት ኦቫል ፋት ቦዲ የሚሏቸው እነዚህን ነው። በማይክሮስኮፕ የምንፈልገውም እነሱን ነው።

በሽንትና በእብጠት መካከል ያለውን ዝምድና አጥብቀው ያስያዙት የለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል ሐኪም ሪቻርድ ብራይት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተሙት መጽሐፍ ያበጡ በሽተኞቻቸውን ታሪክ አስፍረዋል፤ የበሽተኛውን ሽንት በማንኪያ አድርገው ሻማ ላይ ሲያሞቁት ይረጋ ነበር፤ በሽተኛው ሲሞት ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይገኛል። ይህ ዘዴ ዛሬም ሽንት ውስጥ የሚነከረው የዲፕስቲክ ስትሪፕ ባለቀበት ጤና ጣቢያ ይሠራል። በመስታወት ቱቦ ሦስት አራተኛ ያህል ሽንት ይሞላና የላይኛው ክፍል ብቻ ይሞቃል፤ ታችኛው ለማነጻጸሪያ ይቀራል። ላይኛው ከደፈረሰ ጥቂት ጠብታ አሴቲክ አሲድ ይጨመርበታል። ድፍርሱ ከጠራ ፎስፌት ነበር፤ ከጸና ፕሮቲን ነው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ አልቡሚን ከዚያ በታች ባለ ሙቀት ስለሚረጋ ከፍታው ምርመራውን አያስተጓጉልም።

ስቡን ከዚህ ጋር ያገናኙት ጀርመኖች ናቸው። ፍሪትዝ ሙንክ የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1913 በአንዳንድ ያበጡ በሽተኞች ሽንት ውስጥ ብርሃንን ለሁለት የሚከፍሉ የስብ ጠብታዎች አይተው ሕመሙን ሊፖይድ ኔፍሮሲስ አሉት። የእነዚህ በሽተኞች ኩላሊት በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ማጣሪያው ምንም የሆነ አይመስልም ነበር፤ የፖዶሳይቶቹ እግሮች መሟሸሻቸው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከመጣ በኋላ ነው። ዛሬ ያ ሕመም ሚኒማል ቼንጅ ይባላል። ልጆችን ከሚያጠቁት የኔፍሮቲክ ዓይነቶች ሁሉ የሚበዛውም እሱ ነው።

አሁን ላቦራቶሪ ውስጥ ነን። ከሁሉ በፊት ዕቃው ይታይ። ከገጠር የሚመጣ ሰው ሽንቱን ቤት ባገኘው ጠርሙስ ይዞ ቢመጣ አይገርምም፤ ጠርሙሱ ዘይት ወይም የጠጉር ቅባት ይዞ የኖረ ሊሆን ይችላል። ገላው በቅቤ የታሸ ወይም ቫዝሊን የተቀባ ሕፃን ሽንትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሽንቱ እዚያው ጤና ተቋሙ በሚሰጥ ንጹሕ ዕቃ ይወሰድ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥም ይታይ። በላስታ ብርድ ብዙ የቆየ ሽንት ዩሬት እየዘቀጠበት ይደፈርሳል፤ እጅ ውስጥ ይዘው ሞቅ ሲያደርጉት ይጠራል፤ ያ በሽታ አይደለም።

አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሚሊ ሊትር ሽንት ቱቦ ውስጥ ተደርጎ በሴንትሪፊውጅ ለአምስት ደቂቃ ይሽከረከራል። የላዩ ፈሳሽ ይደፋና ታች የቀረው ዝቃጭ ቀስ ብሎ ይነቃነቃል፤ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ፣ ከቨር ስሊፕ በላዩ። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላሊበላ ከደረሰ በኋላ ከተማዋ ለረጅም ጊዜ መብራት አጥታ ነበርና መብራት ከሌለስ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በእጅ የሚዞር ሴንትሪፊውጅ አለ፤ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን የሚቀበል ማይክሮስኮፕም አለ። የላስታ ፀሐይ ደግሞ ከመስከረም እስከ ግንቦት አይታማም።

በመጀመሪያ ባለ 10 ሌንስ ነው፤ ብርሃኑ ቀነስ ይደረጋል። ብርሃን ከበዛ ካስቶቹ አይታዩም። ካስት የምንለው በኩላሊቱ ቱቦ ውስጥ ረግቶ የቱቦውን ቅርጽ የያዘ ፕሮቲን ነው፤ ሲረጋ በዙሪያው ያገኘውን ይዞ ይቀራል። ስብ ከያዘ ስባም ካስት ነው፤ የሚያብለጨልጩ ጠብታዎች በአንድ ሲሊንደር ውስጥ ተሰግስገው ይታያሉ። ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ቅቤም ቫዝሊንም ዘይትም ካስት ውስጥ ሊገቡ አይችሉም፤ የግድ ከኩላሊት የመጣ ነው።

ቀጥሎ ባለ 40 ሌንስ። ኦቫል ፋት ቦዲ ከነጭ የደም ሴል ከፍ ያለ፣ ክብ ወይም እንቁላላማ፣ ውስጡ ትልቅና ትንሽ ጠብታ የተጨናነቀበት ሴል ነው። ጠብታዎቹ የጠቆረ ጠርዝና የሚያበራ ማህል አላቸው፤ የሌንሱ ማስተካከያ ከፍ ዝቅ ሲል ብርሃናቸው ይለዋወጣል። ለብቻቸው የሚንሳፈፉ ጠብታዎችም ይኖራሉ። እዚህ ላይ ጀማሪ ባለሙያ የሚሳሳተው በቀይ የደም ሴል ነው፤ ሁለቱም ክብ ናቸው። ቀይ ሴል ግን መጠኑ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሆኖ ሰባት ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው፤ የስብ ጠብታ አንዱ ከሌላው በእጅጉ ይበላለጣል። ቀይ ሴል ስላይዱ ላይ ይተኛል፤ ስብ ቀላል ስለሆነ ሽቅብ ወጥቶ ከከቨር ስሊፑ ስር ይለጠፋል፤ ስለዚህ ፎከሱን ወደ ላይኛው ንጣፍ ማንሳት ነው። አሁንም ካጠራጠረ ደካማ አሴቲክ አሲድ አንድ ጠብታ ይጨመር፤ ቀይ ሴል ይሟሟል፣ ስብና እርሾ ይቀራሉ። እርሾውን የሚያጋልጠው እምቡጡ ነው።

ቁርጡን የሚነግረን ግን ፖላራይዝድ ብርሃን ነው። ብርሃን በየአቅጣጫው ይርገበገባል፤ ፖላራይዘር የሚባለው ስስ ገጽ አንዱን አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። አንዱ ከስላይዱ በታች፣ ሌላው ከስላይዱ በላይ ተደርጎ የላይኛው 90 ዲግሪ ሲዞር መስኩ ሁሉ ይጨልማል። ቀይ ሴሉም፣ እርሾውም፣ የቅቤው ጠብታም አብረው ይጠፋሉ። ኮሌስትሮል ኤስተር ያለበት ጠብታ ግን ጨለማው ውስጥ ያበራል፤ አራት ብሩህ ሩቦች፣ በመካከላቸውም ጥቁር መስቀል። የሕክምናው ዓለም የማልታ መስቀል ይለዋል። ለላስታ ሰው ግን ማልታ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከአፋፉ ቆሞ ቤተ ጊዮርጊስን ቁልቁል ያየ ሰው አራት ክንዱ እኩል የሆነውን ያንን መስቀል ያውቀዋል።

መስቀሉ ከየት መጣ? በጠብታው ውስጥ የኮሌስትሮል ኤስተር ሞለኪውሎች ከማህል ወደ ጠርዝ በዙሪያው ሁሉ ተሰልፈዋል፤ ፈሳሽ ሆነው እንደ ክሪስታል ሥርዓት አላቸው። ሰልፉ ከሁለቱ ፖላራይዘሮች አቅጣጫ ጋር በገጠመበት መስመር ብርሃኑ ሳይለወጥ ያልፍና በላይኛው ይታገዳል፤ ጥቁሩ ክንድ እሱ ነው። በሰያፍ በተሰለፉበት ደግሞ ብርሃኑ ተጠምዝዞ ስለሚያልፍ ሩቦቹ ያበራሉ። ስላይዱ ቢዞር እንኳ መስቀሉ ካለበት አይነቃነቅም። ትራይግሊሰራይድ፣ ማለትም እንደ ቅቤና ዘይት ያለው ተራ ስብ፣ እንዲህ ያለ ሰልፍ ስለሌለው መስቀል አይሠራም፤ እሱን የሚያሳየው ሱዳን 3 የተባለው ቀለም ነው፤ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ያደርገዋል።

ፖላራይዘር የለንም የሚል ላቦራቶሪ ብዙ ነው። ኤድዊን ላንድ ስሱን ገጽ በ1929 እ.ኤ.አ. ከፈጠረው ወዲህ ግን ነገሩ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል፤ የፀሐይ መነጽር ላይ ይገኛል። ሁለት ፖላራይዝድ የመነጽር መስታወቶች ተደራርበው አንዱ ሲዞር ከጨለሙ ይሠራሉ፤ ካልጨለሙ መነጽሩ ቀለም የተቀባ ብቻ ነው። አንዱ ከኮንደንሰሩ በታች ብርሃኑ በሚወጣበት ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ከዓይን ሌንሱ በላይ ተይዞ ይዞራል። በሺዎች ብር የሚገመት ዕቃ ባይሆንም ሥራውን ይሠራል። ሌላ አሳሳች ነገር ቢኖር ስታርች ነው፤ ዱቄት ካለበት ጓንት ላይ ረግፎ ሽንት ውስጥ ይገባል፤ እሱም መስቀል ያሳያል። ግን ቅርጹ ወጣ ገባ ነው፣ መስቀሉም ማህሉን የሳተ ነው፤ ፖላራይዘሩ ሲነሳ ደግሞ መካከሉ የተሰረጎደ ቅንጣት ሆኖ ይታያል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የውጤት ወረቀቱን እንይ። አብዛኛው ወረቀት «ፐስ ሴል ይህን ያህል፣ ኢፒተልያል ሴል ይህን ያህል» ብሎ ያበቃል፤ ስብ የሚል ቃል አይገኝበትም። ጥፋቱን በላቦራቶሪው ላይ ብቻ መጫን ግን ፍርድ ማዛባት ነው። የላከው ሐኪም ወረቀቱ ላይ «ዩሪናሊሲስ» ከሚል አንድ ቃል በቀር አልጻፈም። ልጁ ማበጡን ያልተነገረው ባለሙያ፣ ከደጅ የተሰለፈውን ሰው እያየ፣ በአንድ ስላይድ ላይ ሃያ ደቂቃ አያጠፋም። «ፊቱ ያበጠ የስድስት ዓመት ልጅ፤ ፕሮቲን ሦስት ፕላስ፤ ስብ ይታይልን» የሚል አንድ መስመር ቢጻፍ ግን ያው ባለሙያ በዚያው ማይክሮስኮፕ ያገኘዋል። በእኔ ግምት ከዕቃ እጥረት ይልቅ የዚህች መስመር እጥረት ይበልጣል።

ስቡ የማይነግረንም አለ። አለመታየቱ ኔፍሮቲክ ሲንድረምን አያስቀርም፤ ፕሮቲኑ ብዙ ከሆነ ሕመሙ አለ። መታየቱም የትኛው ዓይነት እንደሆነ አይለይም። ስኳር፣ ሉፐስ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ኤች አይ ቪ፣ ቢልሃርዝያ ሁሉም ማጣሪያውን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ስቡም ከሁሉም ሊመጣ ይችላል። ፋብሪ በሚባለው ብርቅ የዘር በሽታ ደግሞ ፕሮቲኑ ገና ጥቂት ሳለ መስቀሉ ሊታይ ይችላል። ዓይነቱን ለመለየት ከኩላሊቱ በመርፌ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ከላሊበላ በጋሸና ወልድያ፣ ከዚያም ደሴ፣ ብዙውን ጊዜም አዲስ አበባ ድረስ መውረድ ግድ ይላል። ያን ጉዞ አንድ ገበሬ ቤተሰብ በቀላሉ አይወጣውም።

ደግነቱ ልጆች ላይ ናሙናው ብዙ ጊዜ አይቀድምም። ሚኒማል ቼንጅ ለፕሬድኒሶሎን ይታዘዛል፤ ክኒኑም ርካሽ ነው። በየቀኑ ለአራት ወይም ለስድስት ሳምንታት፣ ከዚያ ቀን እየዘለሉ እየቀነሱ ይወሰዳል። ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙ ሳንባ ነቀርሳ አለመኖሩን ያያል፤ ስትሮንጂሎይድስ ለተባለው የአንጀት ትል መድኃኒት መስጠትም አገራችን ውስጥ ተገቢ ጥንቃቄ ነው፤ ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ ሲያዳክም ትሉ ሰውነትን ሊወርር ይችላልና። እብጠቱ ሲጎድል ቤተሰቡ «ዳነልን» ብሎ ክኒኑን በገዛ እጁ ማቆም የለበትም። ሕመሙ ደጋግሞ ይመለሳል፤ ይህንም አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ወላጅ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይተወዋል።

ጨው ይቀነስ። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው አብሯቸው ስለሚገባ ለልጁ ለብቻ መሥራት ያስፈልጋል። ላሊበላ ውስጥ ደግሞ ጠበል ሳይነሳ አይቀርም። መጠመቅ ከክኒኑ ጋር አይጣላም። ሰውነቱ በውሃ የተወጠረ ልጅ ብዙ ሊትር እንዲጠጣ ማድረግ ግን ያባብስበታል፤ ይህን ለካህኑም ለወላጅም በአክብሮት ማስረዳት የሐኪሙ ፋንታ ነው። እብጠት ያለበት ልጅ ሆዱን አጥብቆ ካመመው ወይም ካተኮሰው ደግሞ ነገ አይባልም፤ የሆድ ዕቃ ኢንፌክሽን በዚህ ሕመም ውስጥ ቶሎ ይገድላል።

የልጃችሁ ዓይን ለሁለትና ለሦስት ጠዋት አብጦ ካደረ ሽንቱን በንጹሕ ዕቃ አስመርምሩ፤ ፕሮቲን መኖሩንም ጠይቁ። ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ ፕሮቲኑ ሦስት ፕላስ ባለበት ሽንት ላይ ስላይዱን ከመጣላችሁ በፊት ፎከሱን ወደ ከቨር ስሊፑ አንሱትና ስብ ፈልጉ፤ ካገኛችሁ ጻፉት፤ ከፈለጋችሁ በኋላ ካጣችሁትም «አልታየም» ብላችሁ ጻፉት።